ግማሽ ሲንጋፖር፣ ግማሽ ብሪቲሽ የሆነ ኮንኮርድ ልግዛ?

የፍራንክፈርቱ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ወር እዚህ ጀርመን ዚንስሃይም ሙዚየም ሄጄ ከድምፅ የሚፈጥኑትን የመንገደኛ አውሮፕላኖች፣ ኮንኮርድንና የሶቪየቱን ቱፖሌቭ 144ን፣ ጣሪያው ላይ አየኋቸው። ከዚያ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀርቷል፤ የሁለቱንም ትንንሽ ሞዴል ቤቴ ላስገባ ነው። አንድ ሰው ያገለገለ የብረት ኮንኮርድ ሞዴል፣ 1:200 (ከእውነተኛው 200 ጊዜ ያነሰ)፣ በ80 ዩሮ እየሸጠ ነው። ግን በግራ ጎኑ የሲንጋፖር አየር መንገድ ቀለም፣ በቀኙ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ነው። የፋብሪካ ስህተት ይሆን? ደግሞ ክንፉ ሥር ቀለሙ እንደ ብጉር እብጥ እብጥ ብሏል።

ክንፈ ብር፦ ቀለሙ ትክክል ነው ወንድሜ! ሁለቱ ኩባንያዎች የለንደን–ባህሬን–ሲንጋፖርን መስመር እ.አ.አ. ከ1977 እስከ 1980 በጋራ ሲሠሩ አንዱን አውሮፕላን በየጎኑ ተካፍለው ቀቡት። የምዝገባ ፊደሉን እይ፤ ጂ-ቢኦኤዲ መሆን አለበት። እውነተኛው አውሮፕላን ዛሬ ኒውዮርክ፣ ኢንትሬፒድ ሙዚየም ነው። ይልቅ የብራኒፍ (የአሜሪካ አየር መንገድ ነበር) ቀለም ያለው ካጋጠመህ ለጌጥ ካልሆነ አትግዛ። ብራኒፍ ኮንኮርድን በአሜሪካ ውስጥ አብርሯል፤ በራሱ ቀለም የተቀባ ግን አንድም አልነበረም።

አሮጌ ሰብሳቢ፦ እኔን ያሳሰበኝ ብጉሩ ነው። የነዚህ ሞዴሎች ብረት የዚንክ ቅይጥ ነው። ሲቀልጥ እርሳስ ከተቀላቀለበት ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ይበላዋል። ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ መድኃኒት የለውም። እኔ አንዱን ገዝቼ የክንፉ ጫፍ እንደ ደረቅ ዳቦ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ሻጩ በባትሪ ከጎን እያበራ ፎቶ ያንሳልህ። እብጠቱ ላይ ስንጥቅ ካለ ተወው።

የፍራንክፈርቱ፦ ፎቶው መጣ። ከጎማው መግቢያ እስከ ክንፉ ጠርዝ ፀጉር የምታህል መስመር አለች። 50 ዩሮ ላድርግልህ ይላል።

አሮጌ ሰብሳቢ፦ በነፃም ቢሰጥህ ይቅር።

ሜትሮ፦ ሌላ ስትፈልግ ሁለቱንም በአንድ ስኬል ግዛ፤ ሁለቱም ከእውነተኛው በእኩል እጥፍ ያነሱ ይሁኑ። ቱፖሌቩ 65.7 ሜትር፣ ኮንኮርዱ 61.66 ነው። ስኬላቸው ከተለያየ ረጅሙ አጭር ሆኖ ቁጭ ሊል ይችላል። በ1:200 ወደ 33 እና 31 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። መደርደሪያህ ስንት ነው? ቱፖሌቩን ስትገዛ ከአብራሪው ክፍል ኋላ ያሉትን እንደ ጢም የወጡ ትንንሽ ክንፎች አደራ እይ፤ ዚንስሃይም ያየኸው አላቸው፣ የመጀመሪያው ናሙና ግን አልነበረውም።

ክንፈ ብር፦ አፍንጫው የሚታጠፍ ከሆነ ደግሞ ጠጠር ሲልብህ አታስገድደው። እውነተኛው ሲነሳ 5 ዲግሪ፣ ሲያርፍ 12.5 ዲግሪ ነበር ዝቅ የሚለው። ሞዴሉ ላይ ግን በቀጭን ፒን ነው የተያዘው፤ ፒኑ ከተሰበረ ኮንኮርድህ ለዘላለም እያረፈ ይኖራል።

የፍራንክፈርቱ፦ ለካሁት። የመደርደሪያው ጥልቀት 25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አፍንጫቸው ውጭ ተንጠልጥሎ የልጄ እጅ ውስጥ ሊገባ ነው። 1:400 መፈለግ ጀምሬያለሁ።