የኤፕሪል 23 የእግር ጉዞ፦ ለቤተ መጻሕፍቱ የምናስገባው ረቂቅ

ጸሐፊ፦ እንደተባባልነው በከተማችን በዴንቨር፣ ኮሎራዶ የመጀመሪያ ጋዜጣ ታሪክ ላይ ስለምናደርገው የእግር ጉዞ ለቤተ መጻሕፍቱ የምናስገባውን ማመልከቻ ጀምሬዋለሁ። ዊልያም ባየርስ እ.ኤ.አ. በ1859 ማተሚያውን በበሬ ጋሪ አስጭኖ መጣ። ኤፕሪል 23 ቀን፣ በረዶ እየጣለ፣ ከመሸታ ቤት ቆጥ ላይ «ሮኪ ማውንቴን ኒውስ»ን አወጣ። ተፎካካሪውን የቀደመው በ20 ደቂቃ ነው ይባላል። በ1901 ደግሞ የኮሎራዶ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመ። ለልጆቻችን ጥሩ ነገር አይመስላችሁም?

ገንዘብ ያዥ፦ ከቼሪ ክሪክ ወንዝ ተነስተን በእግር ከሆነ አውቶቡስ አንከራይም። ወጪው ቡና፣ ድፎ ዳቦና ፎቶ ኮፒ ነው።

የወጣቶች ክፍል፦ ይቅርታ፣ ረቂቁ ሰውዬውን ጻድቅ አድርጎታል። ኖቬምበር 29 ቀን 1864 ሳንድ ክሪክ ላይ የኮሎኔል ቺቪንግተን ወታደሮች ከ200 በላይ የቺየንና የአራፓሆ ነባር ሕዝቦች (የአሜሪካ ሕንዶች) ሰዎችን ገደሉ፤ የሚበዙት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። የባየርስ ጋዜጣ ግን የጦር ጀብዱ ብሎ አወደሰው። በ1880 እንኳን በኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ለወታደሮቹ ይከራከር ነበር። ይሄ መጨረሻ ላይ «ሆኖም» ተብሎ የሚለጠፍ ነገር አይደለም።

አንጋፋ አባል፦ እውነቷን ነው። እኔ በወጣትነቴ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። የእርሳስ ፊደል ተገልብጦ ነው የሚነበበው፤ እጅህ እስኪለምድ ድረስ የምትለቅመውን እንኳን አታውቀውም። ባየርስ ግን የሚለቀመውን ያውቅ ነበር። የሚገርመኝ ቢሮው ነው። ዴንቨርና ከወንዙ ማዶ የነበረችው መንደር አውራሪያ ሲቀናቀኑ ለማንም ላለማድላት ብሎ እወንዙ አሸዋ ላይ፣ በመካከላቸው ሠራው። በሜይ 1864 ጎርፍ ከነማተሚያው ጠራርጎ ወሰደው። ለሁለቱ ሰፈሮች ያላዳላ ሰው፣ በዚያው ዓመት ምን እንዳተመ አየን።

የወጣቶች ክፍል፦ ጋሼ፣ እንግዲያው ጉዞው ከወንዙ ይጀምርና 15ኛውና አራፓሆ መንገድ ጥግ ላይ ይብቃ። ሳንድ ክሪክ ላይ «አልተኩስም» ያለው ሻምበል ሳይላስ ሶል የተገደለው እዚያ ነው፤ ግፉን በምስክርነት ካወጣ በኋላ፣ ኤፕሪል 23 ቀን 1865። ጋዜጣው በወጣ ልክ በስድስተኛ ዓመቱ።

ጸሐፊ፦ ቀኑን እኔም አላስተዋልኩትም። ርዕሱን በእሱ ቀየርኩት። ከማስገባታችን በፊት ግን ረቂቁን የቺየንና የአራፓሆ ሰዎች ይዩት፤ እነሱ ሳይናገሩ እኛ ብቻ ማውራታችን አያምርም።

አንጋፋ አባል፦ የጋዜጣውን ገጾች ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማግኘት ይቻላል። ሳንድ ክሪክን ያወደሰበት ገጽ ይታተምልን። ጥጉ ላይ ቆመን እናነበዋለን።

ገንዘብ ያዥ፦ በእኔ ይሁን፤ 40 ቅጂ። ባለ ቀለም ግን አላትምም።