አባቴ «ደሞዝህን ይዘህ ቁጭ በል» ይላል፤ እኔ የልብስ ስፌት ማሽን ጥገና ልከፍት ነው። ምን ትላላችሁ?

ሐረጎ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። የደሴ ልጅ ነኝ፣ 27 ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን እጠግናለሁ፤ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጠዋት በጨለማ የሐረጎን ዳገት እወርዳለሁ፣ ማታ መልሼ እወጣለሁ። እጄ ላይ የሚደርሰው 9,200 ብር ነው።

ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ደግሞ ፒያሳና ሰኞ ገበያ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ማሽናቸው ሲያስቸግራቸው ይደውሉልኛል። ክር ይበጥሳል፣ ስፌት ይዘላል፣ የጨርቅ ጫፍ የሚቋጨው ኦቨርሎክ ይነክሳል፤ ሄጄ አስተካክላለሁ። ዘንድሮ ከዒድ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት ብቻ 31,000 ብር አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካ ገብቼ መቆም አቃተኝ። ሸዋ በር በኩል አንዲት ጠባብ ሱቅ አይቻለሁ። ኪራዩ በወር 4,000 ነው፣ የስድስት ወር ቅድሚያ ይጠይቃሉ።

ችግሩ አባቴ ነው። 34 ዓመት አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። «ዲግሪ ያስያዝኩህ የመፍቻ ቦርሳ ተሸክመህ ሰኞ ገበያ እንድትዞር ነው?» አለኝ። እናቴ በበኩሏ ሽማግሌ ልንልክ ባለንበት ሰዓት ሥራ ልልቀቅ ማለቴ አሳፍሯታል። «የት ነው የሚሠራው ሲሉኝ ምን ልበል?» ትላለች። ልልቀቅ ወይስ ልቆይ? አባቴንስ ምን ብዬ ላግባባው?

ቦረና

ወንድሜ ልቀቅና ውጣ! ሰው አታማክር። ያማከረ ሁሉ ፋብሪካ በር ላይ አርጅቷል።

መርፌና ክር

የቦረናን ምክር ለጊዜው ወደ ጎን በለው። እኔ ራሴ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ደሴ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሰፍቻለሁ። 31,000ውን ለሁለት አካፍለህ «በወር 15,500 አለኝ» ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል። ከዒድ በፊት እኮ እኛ እንቅልፍ የለንም። ማሽኑ ቀንና ሌሊት ይሠራል፣ ስለዚህ ይበላሻል፤ ሲበላሽም ዋጋ አንከራከርህም፣ ብቻ ቶሎ ና ነው የምንልህ። ዒድ ባለፈ በሳምንቱ ግን ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። በሁዳዴ ሠርግ የለም። ሐምሌ ላይ ዝናቡም ኪሱም አያስወጣም። ነሐሴ መጨረሻ የተማሪ ዩኒፎርም ሲመጣ ነው እንደገና የምንነቃው፤ ከዚያ ደግሞ የጥር ሠርግ አለ።

ዒድ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። አሁን ሁዳዴ ላይ እየወደቀ ነው፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከጥር ሠርግ ጋር ይገጥማል። ያኔ ሁሉም ሥራ ባንድ ወር ይወርድብህና ሌላው ወር ባዶ ይሆናል።

እና አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፦ ባለፈው ሐምሌ ስንት ሰው ደወለልህ?

ሐረጎ

እህቴ፣ እውነቱን ልናገር፣ አልጻፍኩትም። ሦስት ወይ አራት ሰው ይሆናል።

ደብተር ያዥ

መልሱ እሱ ነው እንግዲህ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና የኔን ልጨምር።

ደሞዝህ 9,200 ብቻ አይደለም። ካንተ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥ አሠሪህ 11 በመቶ ይጨምራል። ስትለቅ ያ 11 ይቀራል። ልቀቅ አትልቀቅ ማለቴ አይደለም፣ ስታወዳድር አስገባው ነው።

ሱቁን ግን አሁን አትከራይ። 24,000 ብር ቅድሚያ ከፍለህ ባዶ ግድግዳ ነው የምትገዛው። ደግሞ አስበው፣ ኢንዱስትሪ ማሽን ከነጠረጴዛው ተሸክሞ ወደ ሱቅህ የሚመጣ ሰፊ የለም፤ አንተ ነህ የምትሄደው። ክርና መርፌ ከሚሸጥ ሰው ጋር ተነጋግረህ አንድ ጠረጴዛ ያስቀምጥልህ። ማሽኑ የተበላሸበት ሰው መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው።

ሲቆርጥልህ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አውጣ፣ ንግድ ፈቃድ አውጣ። ዕድሳቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፣ ከዚያ ካለፈ ቅጣት አለው። ደረሰኝ ካለህ አነስተኛ የስፌት ድርጅቶች በወር ውል ሊይዙህ ይችላሉ። የወር ውል ማለት ሐምሌንም ይከፍልሃል ማለት ነው። ፋብሪካውን ስትለቅ ደግሞ ተኮራርፈህ እንዳትወጣ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብህ፤ ነገ ሥራ የሚሰጥህም ያው ፋብሪካ ሊሆን ይችላል።

ሐረጎ

መለዋወጫ ለመግዛት ብድር አስቤ ነበር። ግን ወለድ ቤታችን አይገባም።

ደብተር ያዥ

ከወለድ ነጻ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች አሉ። ዕቃውን ራሳቸው ገዝተው፣ ትርፋቸውን ነግረው፣ ቀስ በቀስ እንድትከፍል ለአንተ ይሸጡታል። ለዕቃ ነው እንጂ ለኪራይ ጥሬ ብር አይሰጡህም። ለመርፌና ለቦቢን ከሆነ ግን ዕቁብ ይበቃሃል።

ተመላሽ

እኔ ለቅቄ ከፍቼ ነበር፤ ቴሌቪዥን ጥገና። በዓመት ከመንፈቅ ወደ ደሞዜ ተመለስኩ። የጣለኝ ሥራ ማጣት አልነበረም፣ ዱቤ ነው። ሁሉም የሰፈር ሰው ነው። «ልጄ፣ ዛሬ አልያዝኩም» ይሉኛል፣ መርቀውኝ ይሄዳሉ። የወሎ ምርቃት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አሜን ብለህ ሳትጨርስ ሰውየው በሩን አልፏል። አከራዬ ግን በምርቃት አልቀበል አለ።

ዋጋዬን ሳልቀበል ቲቪውን አላስነሣም ብል ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበርኩ።

እማ ቧንቧ ውሃ

ልጄ፣ ሁሉም ስለ ብሩ ነገሩህ፤ እኔ ስለ አባትህ ልንገርህ። የኔም ባለቤት የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፣ እኔ ቅመም ስሸጥ ስንት ዓመት አኩርፏል።

34 ዓመት ደሞዝ የበላ ሰው ወር ሲያልቅ ምን እንደሚያገኝ ያውቃል። አንተ «ይሆናል፣ ይገኛል» ስትለው ለሱ ያ ንግግር አይደለም። የመፍቻው ቦርሳ ሰበብ ነው። ቡና ላይ ጎረቤት ባለበት ደግሞ አትከራከረው፣ በሰው ፊት አይረታልህም።

ደብተር ግዛና ስጠው። «አባ፣ እኔ ሒሳብ መያዝ አልቻልኩም፣ አንተ ያዝልኝ» በለው። የገባውን፣ የወጣውን፣ ያልከፈለውን ሁሉ በየእሑድ ማታ አስጽፈው። መምህር ደብተር አይጠላም። እስከ መስከረም ፋብሪካህንም አትልቀቅ። ሐምሌን ደብተሩ ላይ ይየው፣ አንተም እየው። ለልጅቷ ቤተሰብ ደግሞ እናትህ «የማሽን ባለሙያ ነው» ትበል፤ ውሸት የለበትም።

ቦረና

እማ፣ እኔም ደብተር ልግዛ መሰለኝ።

ሐረጎ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሰላም። ሱቁን ተውኩት። ሰኞ ገበያ አንድ ክር ሻጭ ጠረጴዛ ሰጥቶኛል፣ በወር 600 ብር። ፋብሪካው ውስጥ እስከ መስከረም አለሁ።

ደብተሩን ለአባቴ ሰጠሁት። መጀመሪያ ቀን ጥግ ላይ ወርውሮት አደረ። ሁለተኛው እሑድ በማስመሪያ አስምሮ፣ ቀን፣ ስም፣ ሥራ፣ ዋጋ፣ ቀሪ ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ከፍሎት አገኘሁት። ትናንት ሲደምር ሰባት ሰው 2,850 ብር እንዳልከፈለኝ አወቀ። ከሰባቱ ሁለቱ ያስተማራቸው ልጆች ናቸው። ቅዳሜ አብሬህ እሄዳለሁ ብሎ ኮቱን አስተኩሷል። እንዴት ብዬ ላስቀረው?