ከብሎኬት አምራች ጎረቤት ጋር ማነው ለማን የሚከፍለው?

ሰላም ወገን፣ ቱሉ ዲምቱ ዳር ነው የምንኖረው፣ አጥር የሚያዋስነን ሰውዬ ግቢ ተከራይቶ ብሎኬት ያመርታል፣ ማሽኑ ገና ሳይነጋ ሲነሳ ብርጭቆው መደርደሪያ ላይ ይንጫጫል፣ የተሰጣ ልብስማ ሲሚንቶ ጠጥቶ ነው የሚገባው። ሰውየው ክፉ አይደለም እንዲያውም "ማሽኑን ወደ ጓሮ ላዙረው፣ አጥሩንም ከፍ ላድርግ፣ ወጪውን ግን አግዙኝ" አለን።

ኢኮኖሚክስ የተማረው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሮናልድ ኮዝ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1960 እ.ኤ.አ ያነሳውን ሀሳብ ጠቅሶ መብቱ (የመረበሽ ወይም ያለመረበሽ) የማን እንደሆነ ከታወቀና መደራደሩ ወጪ ከሌለው፣ መብቱ የማንም ይሁን ተስማምተው ለሁለቱም የሚበጀው ላይ ይደርሳሉ ይላል። ወጪ ከሌለው እኮ ነው ያለው! እኛ ሰፈር አንዱ "እኔን አይረብሸኝም" ብሎ ገንዘብ አላዋጣም አለ፣ ፀጥታው ግን ለሱም ይደርሰዋል። ፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 ላይ ደግሞ ከጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ክልክል ነው፣ ታዲያ ለምንድነው እኛ የምንከፍለው?

ብንከፍልስ ውሉ ከሱ ጋር ነው ወይስ ከአከራዩ? ነገ ለቆ ሌላ ቢገባ አዲሱን ይይዘዋል? አላዋጣም ያለውንስ እንዴት አድርጋችሁ አስገባችሁት? የደረሰባችሁ ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።