«ኢጾታዊ ሣር» ካሉት ብናኝ ከየት አመጣ?

ጠያቂ፦ አንድ የዕፅዋት ጽሑፍ ላይ «ኢጾታዊ ሣሮችም ብናኛቸውን በሚዮሲስ ያዘጋጃሉ» ይላል። ብናኝ የወንዴ ዘር ተሸካሚ አይደል እንዴ? ታዲያ «ኢ» ምን አፈረሰች?

ባለሰዋስው፦ «ኢ» የግእዝ አፍራሽ ናት። ኢአማኒ፣ ኢፍትሐዊ፣ ኢጾታዊ። የተጫነችበትን ታፈርሳለች፣ አለቀ። ጸሐፊው ተሳስቷል።

ቀለም ቀንድ፦ ቀስ ይበሉ የኔታ። ጾታ በግእዝ ወገን፣ ክፍል ማለትም ነው። ምናልባት «ከወገን የማይመደብ ሣር» ማለቱ ቢሆንስ?

ባለሰዋስው፦ እኛ ቅኔ ስንቆጥር አንተ ገና ከሀሁ አልወጣህም።

ቅጠል በጣሽ፦ ኧረ ወደ ሣሩ! ኢጾታዊ የተባለው ዘር አሰጣጡ ነው። ብናኝን በተመለከተ ጾታዊውም ኢጾታዊውም ሣር አንድ መንገድ ይሄዳሉ። የብናኝ እናት ህዋስ በሚዮሲስ፣ ማለትም ክሮሞሶምን (የዘር ባሕርይ ተሸካሚውን ክር) በግማሽ በሚቀንስ አከፋፈል፣ ተከፍላ አራት ህዋሳት ትሰጣለች። እያንዳንዱ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። ትልቁ ቱቦ ያበቅላል፣ ትንሹ እንደገና ተከፍሎ ሁለት የወንዴ ህዋሳት ይሆናል። የሣር ብናኝ ሲረግፍ ባለ ሦስት ህዋስ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ልዩነቱ በሴቴ በኩል ነው። የኢጾታዊው እንቁላል ክሮሞሶሙን ሳይቀንስ፣ ከወንዴው ሳይዋሃድ ጽንስ ይሆናል። እንደ ጊኒ ሣር ያሉት ግን ለጽንሱ ስንቅ የሚሆነው የዘሩ ክፍል እንዲፈጠር ብናኝ ይፈልጋሉ። ክሮሞሶማቸው ብዙ እጥፍ ስለሆነ አከፋፈሉ ይዛባና መካን ብናኝ ሊበዛ ይችላል። ደህናውን አዳቃዮች ለአባትነት ይጠቀሙበታል።

ፊደል ለቃሚ፦ ሣርን በንጉሡ ሠ ስለጻፍሽ ተባረኪ፣ ግእዙ ሣዕር ነውና። «ብናኝ» ግን አልተዋጠልኝም። ከበነነ የመጣ የአቧራ ቃል ነው። «ጸበለ ጽጌ» ብንለውስ?

ቀለም ቀንድ፦ ከአቧራ ሸሽተህ ትቢያ ውስጥ ገባህ እኮ! ጸበል በግእዝ ትቢያ ነው። ያንን የማያውቅ አንባቢ ደግሞ ሊጠመቅ ይመጣል።

ፊደል ለቃሚ፦ ይማራላ።

ጠያቂ፦ ይቅርታ፣ ታዲያ ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው ወይስ…

ባለሰዋስው፦ ቆይ ልጄ። «ጸበለ ጽጌ» ዘርፍና ባለቤቱ ሰምሯል። ተቀብያለሁ።

ቅጠል በጣሽ፦ ሣር እኮ የደመቀ መልክአ አበባ የለውም። ጽጌ ስትሉት ሰው ጽጌረዳ ነው የሚታየው።

ባለሰዋስው፦ እንግዲያው ጸበለ ሣዕር!

ቀለም ቀንድ፦ እሱማ የታጨደ ድርቆሽ ትቢያ ነው።