ኩላሊት ከሰጠሁ በኋላ ድካሙ አልለቅ አለኝ

ለወንድሜ ግራ ኩላሊቴን ከሰጠሁ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ዕድሜዬ 34 ነው፤ ስኳርም ግፊትም የለብኝም። ቀዶ ጥገናው በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ) ነው የተሠራው። ቁስሉ ደርቋል። ከእምብርቴ በታች፣ ኩላሊቱ የወጣበት ጠባሳ ግን ከወንበር ስነሳ ይጎትተኛል። ዙሪያውም ደንዝዟል።

የከበደኝ ድካሙ ነው። ጠዋት ደህና ነኝ። ከምሳ በኋላ ግን ጉልበቴ ይከዳኛል። ሥራዬ እንጀራ ጋግሮ ማስረከብ ነው። ቡሃቃ ማንሳት አለ፣ ምጣድ ላይ ቆሞ መዋል አለ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ላነሳ ስል ጎኔን ሰቅዞ ያዘኝ፤ ተውኩት።

ክሬያቲኒኔ (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከቀዶ ጥገናው በፊት 0.8 ነበር፣ አሁን 1.2 ነው። ሐኪሙ «በአንድ ኩላሊት ይሄ የሚጠበቅ ነው» ብሎኛል። ደም ማነስ የለብኝም፣ የሽንት ምርመራዬም ንጹሕ ነው። ውሃ እጠጣለሁ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ብቻ ነው የምወስደው፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊት ስለሚጎዱ አትንኪ ተብያለሁ። እናቴ አጥሚቱንም ቅንጬውንም አላጓደለችም። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፊቱ በርቷል። ጠያቂው ሁሉ የሚመጣው ለእሱ ነው፤ እኔማ «ጤነኛዋ» ነኝ።

አሁን ሠራተኛ ልቅጠር ወይስ ደንበኞቼን ትንሽ ታገሡኝ ልበል፣ መወሰን አለብኝ። ኩላሊት ሰጥታችሁ ጉልበት ወደሚጠይቅ ሥራ የተመለሳችሁ፣ ሙሉ ቀን ቆማችሁ መሥራት የቻላችሁት ከስንት ወር በኋላ ነው?