ዮጋ ስሠራ ጉልበቴ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከእግር ልጀምር ወይስ ከዳሌ?

ጤና ይስጥልኝ። እግሬ ጠፍጣፋ ነው። ስቆም የውስጥ እግሬ ቅስት ወለሉን ይነካል፣ ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ጉልበቴም ይከተለዋል። የጫማዬ ተረከዝ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው በውስጥ በኩል ነው። በጣቶቼ ላይ ስቆም ግን ቅስቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የመረመረኝ ሐኪምም ይህን አይቶ ጡንቻውን ማጠንከር እንደሚጠቅመኝ ነግሮኛል። ተስፋ የሰጠኝም ይኸው ነው።

የቸገረኝ ታዳሳና ነው፤ ቀጥ ብሎ የመቆም አቋም። ክብደቱ በአውራ ጣት ሥር፣ በትንሿ ጣት ሥርና በተረከዝ ላይ ማረፍ አለበት። ቅስቱን ከፍ ሳደርግ የአውራ ጣቴ ሥር ከምንጣፉ ይነሣና ክብደቱ ሁሉ ወደ ውጭው ጠርዝ ይሄዳል። የአውራ ጣቴን ሥር ወደ ታች ስጫን ደግሞ ቅስቱ ተመልሶ ይወድቃል።

በሁለተኛው ቪራባድራሳና፣ ማለትም እግሮችን አራርቆ የፊቱን ጉልበት አጥፎ በሚቆሙበት አቋም፣ ይብስብኛል። የታጠፈው ጉልበቴ ወደ ሁለተኛው ጣት ማመልከት ሲገባው ከአውራ ጣት አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ጭኔን ከዳሌ ወደ ውጭ ሳዞር ጉልበቱ ይስተካከላል፤ የአውራ ጣቴ ሥር ግን እንደገና ይነሣል። በጭኖች መካከል ብሎክ (ጡብ መሰል የዮጋ መደገፊያ) መያዝ ቀጥ ብዬ ስቆም ረድቶኛል፣ እዚህ ግን አያገለግልም።

ልምድ ያላችሁ አስተማሪዎችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች እባካችሁ ንገሩኝ፦ አስቀድሜ የእግር ጡንቻዬን ላጠንክር ወይስ የዳሌዬን? ደግሞስ የአውራ ጣቱን ሥር ሳልለቅ ጭኑን የማዞርበት ዘዴ ምንድን ነው? እስከዚያው የፊት ጉልበቴን ጥቂት ብቻ ባጥፍ ይሻል ይሆን?