ያገለገለ የሳተላይት ሪሲቨር ልገዛ ነው፤ የኪራይ ዕቃ አለመሆኑን በምን ልወቅ?

ጠያቂ

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው። አንድ ሰው ሁለት ያገለገሉ የሳተላይት ሪሲቨሮች ይሸጣል። አንደኛው ትልቅ ነው፤ ሃርድ ዲስክ አለው፣ ፕሮግራም ይቀዳል። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ቻናል የሚከፍተው ካርድ የለውም። ሁለቱም የአንድ የክፍያ ቴሌቪዥን ድርጅት ናቸው። እኔም የዚያው ድርጅት ደንበኛ ስለሆንኩ ለሁለት ክፍል ተጨማሪ እፈልጋለሁ። ዋጋው ከአዲሱ በጣም ይረክሳል።

ሻጩ «ውሌን ጨርሻለሁ፣ ዕቃው የራሴ ነው» ይላል። ግን በላከልኝ ፎቶ ላይ ትልቁ ጀርባው ላይ «የድርጅቱ ንብረት» የሚል ስቲከር አለው። ስጠይቀው «ሁሉም ላይ አለ፣ እሱን ተወው» አለኝ። እውነት ሁሉም ላይ አለ? የኪራይ ከሆነስ በስሜ ይከፍቱልኛል? ካልከፈቱልኝ ቢያንስ ነጻ ቻናል ላይበት እችላለሁ?

የቀድሞ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ

ወንድሜ፣ ከመክፈልህ በፊት መጠየቅህ ጥሩ ነው። ገንዘቡን ከከፈሉ በኋላ የሚደውሉ ሰዎችን ለብዙ ዓመት አስተናግጃለሁ። ያኔ ልረዳቸው የምችለው ነገር ብዙም አልነበረም።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሪሲቨሩ የማን እንደሆነ የሚወስነው ስቲከሩ ወይም የሻጩ ቃል አይደለም፤ ድርጅቱ ጋ ያለው መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ሪሲቨር መለያ ቁጥር አለው። በዚያ ቁጥር ሥር «የተሸጠ» ወይም «የተከራየ» ተብሎ ተመዝግቧል። ውዝፍ ዕዳ ካለበት ወይም ጠፍቷል ተብሎ ከተመዘገበ ያም ይታያል።

ሻጩ ግን የግድ ውሸታም ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የኪራይ ዕቃ እንደያዘ አያውቅም። የአሜሪካውን የክፍያ ቴሌቪዥን ድርጅት ዳይሬክቲቪን ውሰድ። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2006 ጀምሮ ለአዲስ ደንበኞች ሪሲቨር ማከራየት ጀመረ። ሱቅ ገብተው፣ ካርቶኑን ከመደርደሪያ አንስተው፣ ካሸሩ ጋ ገንዘብ ከፍለው የወጡ ሰዎች ሳይቀሩ የከፈሉት ለኪራዩ መነሻ ነበር። ደረሰኝ ይዘው «ገዝቼዋለሁ» ቢሉ አይገርምም። የእንግሊዙ ስካይም እንዲሁ ነው። የቀድሞዎቹ ስካይ ፕላስ ሪሲቨሮች ብዙውን ጊዜ የደንበኛው ሲሆኑ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው ስካይ ኪው ግን በውሰት የሚሰጥ ነው። ስለዚህ የአንድ ድርጅት ሁለት ሪሲቨሮች እንኳን አንዱ የግል፣ አንዱ የኪራይ ሊሆን ይችላል። ያንተንም ሁለቱን ለየብቻ አጣራ።

የስቲከሩን ነገር በተመለከተ፣ ካርዱ ላይ «የድርጅቱ ንብረት» የሚል ጽሑፍ የተለመደ ነው። ሪሲቨሩ የግል ቢሆንም ካርዱ የድርጅቱ ሆኖ ይቀራል። ሪሲቨሩ ራሱ ላይ ከሆነ ግን እኔ በቀላሉ አላልፈውም።

አሁን የምታደርገው ይህ ነው። ሻጩ የሁለቱንም መለያ ቁጥር በግል እንዲልክልህ ጠይቅ። ማስታወቂያው ላይ ቁጥሩን ቢሸፍን አትጠርጥረው፤ በአደባባይ ባይለጥፈው ይሻለዋል። ለአንተም ለብቻህ ካልላከ ግን ተወው። ከዚያ ድርጅቱ ጋ ደውል። «የማን ነው?» ብለህ አትጠይቅ፤ የሌላ ደንበኛ መረጃ ስለሆነ አይነግሩህም። «ይህን ሪሲቨር በእኔ አካውንት ማስከፈት እችላለሁ? የግል ተብሎ ነው የሚመዘገበው ወይስ የኪራይ?» በል። ሁለተኛዋን ጥያቄ እንዳትረሳ። የኪራይ ዕቃ በስህተት ቢከፈትልህ እንኳን አንድ ቀን አንተን «መልስ» ይሉሃል።

ርካሽ ፈላጊ

እኔ ደግሞ ነገሩን ያካበድነው ይመስለኛል። ዋጋው ከረከሰ ግዛው። ድርጅቱ ለአንድ አሮጌ ሪሲቨር ብሎ ቤትህ አይመጣም። ስንት ሰው እየተጠቀመ ነው።

የቀድሞ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ

ቤት መምጣት አያስፈልጋቸውም እኮ። የመክፈቻውም የመዝጊያውም ትእዛዝ በሳተላይቱ በኩል ነው የሚላከው። መሥሪያ ቤት ቁጭ ብለው ይዘጉታል። ደግሞ ሻጩ የኪራይ ዕቃ ሳይመልስ ከቀረ ላልመለሰው ዕቃ ያስከፍሉታል። ሂሳቡ ሲመጣበት የሚያደርገውን ገምት። «ተሰርቆብኛል» ሊል ይችላል፤ ያኔ ዕቃው አንተ እጅ ላይ ነው ያለው። ወንድማችን እንደዚህ ዓይነት ጣጣ ውስጥ እንዲገባ አልመክርም።

የዲሽ ቴክኒሻን

ስለ ባለቤትነቱ ከላይ የተባለው ይበቃል። እኔ ስለ ዕቃው ልንገርህ፤ የግል ሆኖም የማይሠራልህ ሊሆን ይችላልና።

መጀመሪያ ትንሹ። ካርድ የለውም ብለሃል። ካርድ ማስገቢያ ኖሮት ካርዱ የጠፋ ነው ወይስ ማስገቢያም የለውም? አንዳንዶቹ የደህንነቱ ቺፕ ውስጣቸው ስላለ ካርድ አይፈልጉም። ማስገቢያ ካለው ግን አዲስ ካርድ ከድርጅቱ መውሰድ አለብህ። የሌላ ሪሲቨር ካርድ ብትከትበት አይሆንም። ካርዱና ሪሲቨሩ ተጣምረው ነው የሚመዘገቡት።

ቀጥሎ ጀርባውን እይ። የዲሽ ገመድ መግቢያ አለው? ትናንሾቹ ውስጥ ለብቻቸው የማይሠሩ አሉ። ለምሳሌ ስካይ ኪው ሚኒ ከዲሽ ጋር አይገናኝም፤ ከዋናው ሪሲቨር በቤት ኔትወርክ ነው የሚቀበለው። እንደዚያ ዓይነት ከሆነ ዋናው ከሌለህ ምንም አይጠቅምህም።

ትልቁን በተመለከተ፣ ሻጩ «ብዙ ፊልም ተቀድቶበታል» ብሎ ዋጋ እንዳይጨምርብህ። የተቀዳው በዚያው ሪሲቨር ቁልፍ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። አካውንት ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም። ሃርድ ዲስኩን አውጥተህ ኮምፒውተር ላይ ብትሰካውም አታየውም። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ቀንም ሌትም ሲሽከረከር የኖረ ዕቃ ነው። አብራውና ጆሮህን አስጠጋ። ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካለው አትግዛው።

ነጻ ቻናል ላልከው፣ አትመካበት። የክፍያ ድርጅቶች ሪሲቨር ሶፍትዌሩ ለራሳቸው አገልግሎት የተሠራ ነው። አንዳንዱ ካርዱ ካልተከፈተ ምንም አያሳይም። አንዳንዱ ጥቂት ነጻ ቻናል ያሳያል፤ ግን እንደልብህ ሌላ ሳተላይት ፈልገህ ቻናል መጫን አይፈቅድልህም። ለነጻ ቻናል ከሆነ ተራ የነጻ ቻናል ሪሲቨር ግዛ። ዲቪቢ ኤስ 2 የሚል መሆኑን ብቻ አረጋግጥ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀው የዲጂታል ሳተላይት ሥርጭት ደረጃ ሁለተኛው ትውልድ ነው፤ ብዙዎቹ ኤች ዲ ቻናሎች የሚሠራጩት በእሱ ነው።

አንድ አባት

ልጄ፣ የቴክኒኩን ነገር ልጆቹ ነግረውሃል። እኔ ስለ ግብይቱ ልበል። ሻጩን በአካል አግኘው። እዚያው ሆናችሁ በእሱ ስልክ ይደወል፤ አካውንቱ በእሱ ስም ስለሆነ ለእሱ ይነግሩታል። ስፒከር ላይ ያድርገውና አንተም ስማ። ከእሱ አካውንት ይውጣ፣ ባንተ ይመዝገብ፣ ቻናሉ ሲከፈት በዓይንህ እይ። ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ስጥ። መለያ ቁጥሩ ያለበት የሽያጭ ወረቀትም ተፈራረሙ። ሐቀኛ ሰው በዚህ አይከፋም።

«በእኔ አካውንት ይሁንልህ፣ በየወሩ ትከፍለኛለህ» ካለህ ደግሞ እሺ አትበል። እሱ የተጣላ ወይም የዘጋ ቀን አንተም ትዘጋለህ።

ጠያቂ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዳላችሁት አደረግኩ። ሻጩ ቁጥሮቹን ላከልኝ፣ አብረን ሆነን ደወለ። ትልቁ የኪራይ ነው ተባለ። ሰውዬው ራሱ ደነገጠ፤ ሲገባ የከፈለው የዕቃው ዋጋ መስሎት ነበር። እንዲመልሰው ነገሩት፤ ካልመለሰ እንደሚያስከፍሉትም ጨምረው ነገሩት። ትንሹ ግን የግሉ ሆኖ ተገኘ፤ ዕዳም የለበትም። የካርድ ማስገቢያ አለው፣ የዲሽ ገመድ መግቢያም አለው። በእኔ ስም መመዝገብ ይቻላል ብለዋል። ዛሬውኑ ልውሰደው ወይስ ሌላ የማየው ነገር አለ?

የዲሽ ቴክኒሻን

አንድ ነገር ቀርቷል። ቤትህ ያለው ዲሽ ላይ ያለው ኤል ኤን ቢ (ከዲሹ ፊት ለፊት ሆኖ ሲግናሉን የሚቀበለው ዕቃ) ከዚያ ሞዴል ጋር መስማማቱን አጣራ። አንድ ድርጅት ሆኖም ትውልዱ ሊለያይ ይችላል። ስካይ ኪው የራሱ ሰፊ ባንድ ኤል ኤን ቢ አለው፤ አሮጌው ሪሲቨር ከዚያ ጋር አይግባባም። በዳይሬክቲቪም አዳዲሶቹ ሞዴሎች የሚሠሩት በአንድ ገመድ ለብዙ ሪሲቨር በሚያከፋፍለው ሲስተም ነው። ያንተን ለማወቅ አሁን የምትጠቀምበትን ሪሲቨር ሞዴልና የትንሹን ሞዴል ይዘህ ደውል። «ሁለቱ በአንድ ዲሽ ይሠራሉ ወይ?» በል። ተጨማሪ ገመድ መዘርጋት ካስፈለገ ያንንም ከዋጋው ጋር አስላው።

የቀድሞ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ

ያንኑ ስትደውል የአዲሱን ካርድ ዋጋና የተጨማሪ ሪሲቨር ወርሃዊ ክፍያም ጠይቅ። አንዳንዴ ከድርጅቱ በቀጥታ የሚገኘው ከዚህ ብዙ አይበልጥም። ከወሰድከው ደግሞ የተመዘገበበትን ማረጋገጫ በጽሑፍ ይላኩልህ፤ «የግል ንብረት» የሚለው ቃል መኖሩን አይተህ አስቀምጠው። ውልህን የምታቋርጥ ቀን ትንሹንም መልስ ቢሉህ የምታሳየው እሱን ነው።

ጠያቂ

ነገ ጠዋት እደውላለሁ። የትልቁን ምትክ ከድርጅቱ በኪራይ እወስዳለሁ፣ ትንሹን ካርዱ ከተሰጠኝ እገዛዋለሁ።